ዱገልን እንደ በግ የሸለትኩት ዕለት

ይድረስ ሆባርት ውስጥ በብርድ ለምትንቀጠቀጪው እህቴ ለኤልስፔት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ጣቶችሽ አሉ ወይስ ብርዱ ቆርጥሞ በላቸው? እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ የማይመጣ ዝናብ ይተነብያል። አጎታችን መርቭም ደህና ነው። እኔም ከነተንኮሌ አለሁ። ስለ ዱገል ከመጠየቅሽ በፊት ግን ቁጭ በይ።

ያ ጢማም እንሽላሊትሽ የዛሬ ሦስት ሳምንት እህል ውሃ አላሰኘው አለ። ቆዳው ነጣ፤ ከዚያም እንደ አሮጌ ቀለም ይላጥ ጀመር። አንድ ጠዋት ደግሞ ዓይኖቹን ጎልጎል አድርጎ አወጣቸው። ሊፈነዳ መስሎኝ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ለካ የዓይኑን ዙሪያ ቆዳ እያላቀቀ ኖሯል! ያመዋል ወይስ ያሳክከዋል? የወለቀውንስ ለምን ይበላዋል? ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

አጎቴን ታውቂዋለሽ፤ አርባ ዓመት በግ የሸለተ ሰው ሁሉ ነገር በግ ይመስለዋል። ሻዩን ፉት ብሎ፣ «ስማ አንተ ቀልማዳ፣ ፀጉርም ሆነ ቆዳ፣ ልብስ ማለት ልብስ ነው! ከሆዱ ጀምረህ ሳትበጥስ እንዳለ ታነሳዋለህ» አለኝ። እኔም ሙሉውን አውልቄ በፖስታ ልልክልሽና ላስጮህሽ ቋምጬ ጎተትኩ። ቆዳው መጀመሪያ እሺ አለኝ፤ ቀጥሎ ግን ገና ለመላጥ ያልደረሰውን ይዞ ተነሳና ደም ጠብ አለ። ዱገል አገጩ ሥር ያለውን እሾሃም ጢሙን ነፍቶ እንደ ከሰል አጥቁሮ አፈጠጠብኝ። አጎቴ ሻዩን አስቀመጠና «በግ እንዲህ አያይም» አለ።

ባሰ እንጂ አልተሻለም። በማግስቱ የፊት ግራ እግሩ ጣት ላይ የቀረችው አሮጌ ቆዳ እንደ ክር ጠብቃ ጣቱን አሳበጠችው። በስልክ «ዱገል እንዴት ነው?» ስትዪኝ «ካንቺ ያምራል» ያልኩሽ የዚያን ቀን ነው። አንቺ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም።

በረንዳቸው በእንሽላሊት የተሞላው ጎረቤታችን ወይዘሮ ኔሪዳ ዘንድ ሮጥኩ። «አንተ ጉደኛ! በግ አንተ ስትፈልግ ይሸለታል፤ ይሄ ግን ራሱ ሲፈልግ ነው የሚያወልቀው። ለጣቱ ካልደረስክለት ግን ይወድቃል» አሉኝ። ለብ ያለ ውሃ በአይስክሬም ዕቃ፣ እስከ ክንዱ ድረስ ብቻ፣ በቀን ሃያ ደቂቃ መንከር፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ዳበስ ማድረግ። «ብትጎትት ያንተን ጆሮ ነው የምሸልተው!» ብለው ሸኙኝ። እቤታችን ለስላሳ ብሩሽ ያለው አጎቴ ብቻ ነው፤ ጥርሱን የሚቦርሽበት። እስካሁን አላወቀም፤ አንቺም አፍሽን ያዢ።

ስድስት ቀን ነከርኩት። ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ! በስድስተኛው ቀን ያቺ የቆዳ ቀለበት በራሷ ወልቃ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ጥፍሩ ወድቋል፤ ወይዘሮ ኔሪዳ ተመልሶ አይበቅልም ብለዋል። ጣቱ ግን ተርፏል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ምክሩ የአጎቴ ቢሆንም የጎተተው እጅ የእኔ ነው። ስንት ጊዜ አታልዬሻለሁና፣ እንድታምኚኝ ቀለበቷን እዚህ ወረቀቱ ጥግ ላይ አጣብቄልሻለሁ። ተቆጪኝ፣ ግን ደውዪ።

እማዬ ካልሲ እየሠራችልሽ ነው፤ ጉንጭሽን ትስማለች። አጎቴ «እዚያ ብርድ አገር በጉ ስንት ልብስ ይደርባል?» ብሎሻል። አብራሽ ለምትኖረው ለፊሊፓም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዱገል ደግሞ ትናንት ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ ያቺኑ ጥፍር የጎደላትን እግሩን አንስቶ ሰላም እንደሚል ሰው ቀስ ብሎ አወዛወዘ። ለእኔ ነው ብዬ አልደፍርም፤ ላንቺ ይሁን።

ታናሽ ወንድምሽ ዳርሲ
ኩናሙላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019