ለአባባ ማሲንቆ የሚሆን መቃኛ

ይድረስ ለወንድሜ ለጌቱ፤

እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ ሉማሜዎች ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ላሟም ወልዳለች።

የልጄ የሂዊ ሰርግ ለጥር ተቆርጧል። አባባ «የልጅ ልጄን በማሲንቆዬ ካልዳርኳት ምኑን አያት ሆንኩ» ብለዋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በባትሪ የምትሠራ መቃኛ ግዛልን። ሁለት ዓይነት አለ አሉ። ድምፅ የምታዳምጠው ትቅር፤ ድንኳን ውስጥ ጫጫታ ነው። የማሲንቆውን አንገት ቆንጥጣ ይዛ የእንጨቱን ንዝረት የምትለካውን፣ ጭራው ሲስተካከል አረንጓዴ የምታበራውን ምረጥ። መብራቷ ደመቅ ያለች ትሁን። የአባባ ቅኝት መቃኛዋ ላይ ከሚታዩት የኖታ ፊደላት የትኛው ላይ እንደሚያርፍ አንድ የማርቆስ የሙዚቃ አስተማሪ ከድሮ ካሴታቸው ለክቶልኛል።

ባለፈው በጎረቤታችን ልጅ ክርስትና ተጫውተው ነበር። አንድ ጎረምሳ ከኋላቸው «ጋሼ፣ ጭራው እኮ ላልቷል» እያለ ደጋግሞ ጮኸ። እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ቀጠሉ። ያቆሙት እኔ ሄጄ ትከሻቸውን ስነካቸው ነው።

መቃኛዋን ስትልክ ከራስህ እንደሆነች አስመስለህ ላክ። ከእኔ ከሆነ «ምን ጎደለኝ?» ብለው ይቆጡኛል፤ ያንተን ግን ለሰው ሁሉ ያሳያሉ።

ስትደውል «እሺ፣ እሺ» ብለው ቶሎ ስለሚዘጉብህ አትቀየማቸው። ከዕቃው ጋር ሁለት መስመር ጻፍላቸው። ፊደሉን ማተለቅ አያስፈልግህም፤ ዐይናቸው ደህና ነው።

ለሰርጉ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ የብርጓል