ለወልደ ሚካኤል መታሰቢያ

እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ አዋሽ

ትናንት ከሰመራ በሚኒባስ መጣሁ። ዛሬ ካስቀደስኩ በኋላ ለባሌ ለከበደ መታሰቢያ ያሠራሁት ባለቀለም መስኮት ስር ቆምኩ። ፀሐይ ገብታበት ወለሉ ቀይና ሰማያዊ ሆኗል። ከመስተዋቱ ግርጌ «ለወልደ ሚካኤል መታሰቢያ» ይላል። ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው በክርስትና ስሙ ነው ብዬ እኔው ነኝ ያስጻፍኩት።

ከከበደ ጋር ባቡር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ይልማ አይተውኝ መጡ። ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡ።

«ይሄ ወልደ ሚካኤል የታደለ ነው፤ ሰው አለው» አሉ። ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ለከበደም እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግለት ደስ ባለኝ። አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የአቅም ጉዳይ ነው» አሉኝ።

እሱ እኮ ነው ልላቸው አልኩና ተውኩት። ለምን እንደተውኩት አላውቅም። አልጋ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ወልደ ሚካኤል ብዬ አንድ ቀን ጠርቼው አላውቅም። ዛሬም እዚያ ቆሜ የሰው ለቅሶ የመጣሁ ነው የመሰለኝ።

ነገ ከመሳፈሬ በፊት ተመልሼ እሄዳለሁ። ሰው ከሌለ፣ መስኮቱ ስር ቆሜ ከበደ እለዋለሁ።