የመምህር አስማረ የእረፍት ወር

የካቲት 2፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ልጄን ትርንጎን ቀሰቀስኳት። ፊቷን ታጠበች፣ ቆሎ በኪሷ ያዘች፣ ወደ ት/ቤት። የሂሳብ ደብተሯን ትናንት ገልጬ አየሁት። ከመስከረም ወዲህ አራት ገጽ። እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ ቁጠርልኝ፦
1. ለ10ኛ ክፍል የሂሳብ መምህር የለም። ምትክ የነበረው ጎንደር ተዛወረ።
2. በቴሌቪዥን የሚያስተምረው ፕላዝማ ተበላሽቷል። ሲሠራም ልጅቷ ቀና ሳትል ያልፋታል።
3. ፈተናው ግንቦት ላይ ነው።
4. ከወደቀች አክስቷ ዛሪማ ያለው ሱቋ ልታስገባት አሰፍስፋለች።
ዋናው የሂሳብ መምህርስ? አዲስ አበባ፣ ፓርላማ! መ/ር አስማረ። ዳባት ላይ እንደሱ ሂሳብ ያስተማረ የለም። ማን ላከው? እኛ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ምረጡት ያልኩት እኔ። አፌ ይቆረጥ።

የካቲት 4፣ ሐሙስ
ጤ/ጣቢያ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሥራዬ ላይ። ጓንት ስረከብ የቀበሌው ሙላው መጣ። ፓርላማው ለአንድ ወር እረፍት ወጥቷል፣ አስማረ ይመጣል፣ በ13 ከመራጩ ጋር ስብሰባ አለ። ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። የምትጠይቀው ይኼን ነው አለኝ። የኔ ጥያቄ፣ እነሱ ጽፈውት! ስለ መንገዱ አመስግን፣ ስለ መብራት በትህትና ጠይቅ ይላል። የሂሳብ መምህሩስ? አልኩት። "ጋሼ ታደለ፣ አንተ አንብባት ብቻ። 12 ጨርሰህ ማንበብ ሊያቅትህ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። የትናንት ልጅ።
ባላነብስ? ሀ. ግምገማ። ለ. ዝውውር፣ ተራራው ጫፍ አምባራስም ቢሆን ይልኩኛል። ሐ. ሁለቱም።

የካቲት 9፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት
ሰውዬው፣ አስማረ፣ ቤቴ መጣ። በእግሩ። ፊቱ ሞልቷል፣ ኮቱ ላይ አርማ ለጥፏል። የልጆቼን ስም በተራ ጠራ፣ አንድ አልሳተ። እሱ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። ሚስቴ ስንዱ ወንበሩን በነጠላዋ ትጠርግለታለች።
ስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ ያማሁትን ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ነገሩን አመጣው። ትርንጎን እስከ ወሩ መጨረሻ በ10 ሰዓት እናቱ ቤት ያስተምራታል። እሷን ብቻ። ሌላ ልጅ ከተጨመረ ክፍል ይሆናል፣ ክፍል ከሆነ ደግሞ የት/ቤቱ መምህር የት ሄደ ይባላል። በምትኩ እኔ በ13 ወረቀቴን አነባለሁ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንደ በቅሎ።

የካቲት 10፣ ረቡዕ
ከስንዱ ጋር ተጣላን። ልጄን በብጣሽ ወረቀት አልሸጥም አልኩ። "ታዲያ ያንተን ኩራት ይዛ ትፈተን?" አለችኝ። ራቴን ሳልበላ ቀረሁ። ማንም አልለመነኝ።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ
አዳራሽ። አነበብኩት። መንገድ፣ ምስጋና፣ መብራት፣ ትህትና። ተጨበጨበልኝ።
ከኋላ አያ ጫኔ ተነሡ። ገበሬ ናቸው፣ ልጃቸው አትጠገብ ከትርንጎ ጋር አንድ ዴስክ ነው የምትቀመጥ። ወረቀት አልያዙም። "ልጄ አስማረ፣ አንተን ሰጥተን ምን አገኘን? ልጆቹን ማን ያስተምር?" አሉ። አስማረ "አባቴ፣ ጥያቄው ተይዟል" አለ። "ይያዝ። ፈተናው ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም" አሉት። ሰው ሳቀ። ሙላው ጊዜ የለም፣ ይቀመጡ ብሎ አስቀመጣቸው። አስማረ ስለ መስኖ ጀመረ፣ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ቀድሞኝ።

የካቲት 16፣ ማክሰኞ
የትርንጎ ሁለተኛ ቀን። እየዘለለች ነው የምትመለስ። አምስት ወር ያልገባት በሁለት ቀን ገባት። አስማረ ማስተማሩን ረስቶት በሆነ፣ ሰንፎ በሆነ ብዬ ስመኝ ነበር። ምንም አልረሳ። ትዕግስቱማ ብሶበታል። ይኼን ችሎታ ይዞ አዲስ አበባ እጅ ሲያወጣ ይውላል። ጠላሁት። ከበፊቱ የበለጠ ጠላሁት።

የካቲት 19፣ ዓርብ
አያ ጫኔ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "ታደለ ልጄ፣ ያንተይቱ እሱ ዘንድ ትማራለች አሉ። የኔይቱን ከጎኗ ብታስቀምጣትስ? ዝም ብላ ትሰማለች፣ አታስቸግርም።" የምን ትምህርት? አላውቅም አልኳቸው። "እንግዲያ ሰው ዋሽቶኝ ይሆናላ" ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ጓንቱን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሦስት ዓይነት ቁጥር መጣ።

የካቲት 21፣ እሁድ፣ ከሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ነው የምነግር። ስንዱ ብትሰማ ታብዳለች። የነገ፦
1. በ9 ሰዓት ተኩል ከሥራ መውጣት።
2. አያ ጫኔ ቤት። ይቅርታ መጠየቅ። አትጠገብን መውሰድ።
3. ሁለቱን ይዤ የአስማረ እናት በር ላይ ራሴ መቆም።
4. አንዷን ከመለሰ ሁለቱንም ይዤ መመለስ።
4ኛውን ሁለቴ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት። ዛሪማ አለ፣ አምባራስ አለ። ይሁን።
ትርንጎ አሁን ገባች። አስማረ ነገ ማስመሪያ ይዘሽ ነይ ብሏታል፣ ሱቅ ሳይዘጋ ልትገዛ ነው። ሁለት ግዢ አልኳት። ለምን ሁለት? አለችኝ።