ሳላነብ ያጋራሁልሽ

ውድ የሊፍት ሐኪም፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሰሞኑን ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፤ መስኮት እከፍታለሁ፣ ብርድ ገባ ብዬ እዘጋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ትናንት ማተሚያ ቤት አለቃዬ «ምነው፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» አለኝ። እሾሁስ ወንበሩ ላይ አልነበረም።

ገጽሽ ላይ ከጽሑፎችሽ ሥር ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ የምጠይቀው ይቅርታ ለአንቺ ይሁን ለታዛቢ አልለይ አለኝ። ስለዚህ በእጄ እየጻፍኩ ነው። እንዴት እንደሚደርስሽ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊንክሽን ሳላነበው ነው ያጋራሁት።

ስድስታችን ያንን ማኅበር ስንጀምር ታስታውሺያለሽ። ማንም የማያነበን ስድስት ጦማሪዎች ነበርን፤ ነርሷ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ሊፍት ጠጋኟ አንቺና የማተሚያ ቤት አራሚው እኔ። በአካል ተያይተን አናውቅም። ስማችንን እንኳ ትተን በሥራችን ነበር የምንጠራራው። ውላችን ቀላል ነበር፤ ሰኞ ሰኞ እያንዳንዳችን የሌላውን አዲስ ጽሑፍ በገጻችን ላይ እናጋራለን። ነርሷ ለቡድኑ «ድር ቢያብር» የሚል ስም ስታወጣለት፣ ፀጉር አስተካካዩ «ድሩስ እሺ፣ አንበሳው የታል?» ብሎ አሳቀን። አንቺ ደግሞ «አንበሳው አንባቢ ነው፤ እሱን ማሰር ነው ችግሩ» አልሽ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንብቤሻለሁ። ሊፍት ውስጥ ከነሚዜዎቹ ስለተቆለፈው ሙሽራ የጻፍሽውን ሳነብ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አራተኛው ጽሑፍሽ ወጣ። አንባቢው ጎረፈልሽ። እኔን በዚያው ሰኞ አሥራ አንድ ሰው ነበር ያነበበኝ፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ እህቶቼ ናቸው። ቀናሁብሽ። ሌላ ስም አላወጣለትም። አንቺን ባነበብኩ ቁጥር የራሴ ጽሑፍ የታጠበ ጨርቅ እየመሰለኝ መጣ። ስለዚህ ማንበቡን ተውኩትና ማጋራቱን ቀጠልኩ። ርእሱን አያለሁ፣ ሊንኩን እቀዳለሁ፣ ከላዩ «ምርጥ! አንብቡት» ብዬ እለጥፋለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። የሰው ስሕተት እየለቀመ ደመወዝ የሚበላ አራሚ፣ የጓደኛውን ጽሑፍ ሳይከፍት «ምርጥ» ይላል።

አንቺ ግን የእኔን ሊንክ እንደዚያ አጋርተሽው አታውቂም። ሁልጊዜ ከላዩ ሦስት መስመር ትጽፊ ነበር፤ በሦስቱ መስመር ውስጥ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አይጠፋም። እኔ ደግሞ «ጎበዝ፣ ታስተዋውቀኛለች» እል ነበር። ማንበብሽን ከማስታወቂያ ለይቼ አላየሁትም።

ከዚያ «ሰባተኛ ፎቅ» የሚለውን ጻፍሽ።

ርእሱን አየሁ። ያው የሊፍት ቀልድ ነው አልኩ። ከላዩ የጻፍኩትን ቃል በቃል ልድገመው፤ አለመድገም ሌላ ሽሽት ይሆንብኛል። «ሳቅ ያማራችሁ ኑ! የሊፍት ሐኪሟ ዛሬም በሳቅ ትገድለናለች።»

ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ከሥሩ ጻፈልኝ፤ «ወንድሜ፣ ግን አንብበኸዋል?»

ያኔ ከፈትኩት። እናትሽ ሆስፒታል ሰባተኛ ፎቅ ተኝተው፣ አንቺ ሌላ ሕንፃ ላይ ሊፍት ስትጠግኚ ስልክሽ ሲጠራ፣ እጅሽ በግራሶ ተለውሶ ማንሳት ሲያቅትሽ። ሆስፒታሉ ስትደርሺ ሊፍቱ ደህና እየሠራ ነበር። አንቺ ግን በደረጃ ወጣሽ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቶሎ እንዲደርስ ሠርቻለሁ፤ ያን ቀን ግን መድረስ አልፈለግሁም» ብለሽ ነበር። እዚያ ላይ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። የለጠፍኩትን አጠፋሁት። ግን ሰው አይቶታል፤ አንቺም አይተሽዋል።

መጻፍ ነበረብኝ። በዚያው ሰዓት። «እንዴት ብዬ?» እያልኩ ቀኑን ገፋሁት። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ እላለሁ። ሰኞ ደረሰ፤ የእኔን ሊንክ የምታጋሪበት ቀን ነበር። አታጋራውም ብዬ ጠበቅሁ። አጋራሽው! «አባትየው ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ይቆልፋል። ሁለተኛውን ጊዜ ልብ በሉት። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ።» እናትሽን በቀበርሽ በሁለተኛው ሳምንት የእኔን ታሪክ እስከ ቁልፉ ድረስ አንብበሽዋል። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «እሰይ፣ ረስታዋለች» ብዬ ተነፈስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ «ለጊዜው ይበቃኛል» ብለሽ አንዲት መስመር ጽፈሽ ዝም አልሽ። ከቡድኑም ወጣሽ።

ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ዘጠና ስድስት ጽሑፍ። ታክሲ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ባንክ ቤት ተሰልፌ። አንዱን ስጨርስ ሌላው እየጠራኝ፣ ደግሞ እየፈራሁት። በስድስተኛው ቀን አርባ አንደኛው ላይ ደረስኩ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «ነገ የአንድ ጓደኛዬን መሥሪያ ቤት ሊፍት ልሠራ እሄዳለሁ። ገጹ ላይ ሲያማርርበት ኖሯል፤ ሥራውን ለምኜ ነው የወሰድኩት። ይህን ካነበበ ያውቀኛል። ካላነበበም ሊፍቱ ይሠራለታል።»

ከላዩ «ምርጥ! አንብቡት» ብዬ አጋርቼው ነበር።

ያን ማክሰኞ አስታወስኩት፤ አለመርሳቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሊፍታችን ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ወረቀቱ በትከሻ ነበር የሚወጣው። አንድ ክምር የእርማት ወረቀት አቅፌ ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት የሊፍቱ በር ሥር ተንበርክካለች፤ የመፍቻ ሣጥኗ መንገዱን ዘግቶታል። በእግሬ ገፋ አድርጌው፣

«እህት፣ መቼ ነው የሚያልቀው? እግራችን እኮ አለቀ!» አልኩሽ።

ቀና ብለሽ አየሽኝ። ረጅም ጊዜ አየሽኝ።

«አራሚ ነህ?» አልሽ።

«አዎ፤ በምን አወቅሽ?»

«ጣትህ ላይ ቀይ ቀለም አለ።» ቀጥለሽ ደግሞ «ማንበብ ትወዳለህ ማለት ነው» አልሽ።

እኔ፣ የተጣደፍኩት ሰውዬ፣ ምን ብዬ መለስኩልሽ? «እኔ እንኳ ለደመወዝ ነው የማነበው፣ እህቴ።» በራሴ ቀልድ ስቄ ወደ ላይ ወጣሁ። ስወርድ ሊፍቱ ይሠራ ነበር። አንቺ የለሽም።

ከዚያ በኋላ የጻፍሽውን ፈለግሁ፤ ስድብ እንኳ ባገኝ ይቀለኝ ነበር። «ሥራ በዝቶበት ነው» ብለሽ ለእኔ ምክንያት ፈልገሽልኝ አልፈሽዋል።

በማግስቱ ቡድኑ ውስጥ ገብቼ ጻፍኩ። «የሊፍት ሐኪሟን ጽሑፎች ሳላነብ ነበር የማጋራው። የእናንተንም አብዛኛውን እንደዚያው። ይቅር በሉኝ።» መልእክቱን አራት ሰው እንዳየው ስልኬ ያሳየኛል። ይሰድቡኛል ብዬ ክፍሉን ስዞር ነርሷ ጻፈች፤ «እኔም።» ከዚያ የሒሳብ አስተማሪው፤ «እውነቱን ለመናገር፣ እኔም።» ሹፌሩ ቃል ሳያወጣ እጁን ያነሳ ሰው ምስል ላከ። ፀጉር አስተካካዩ መጨረሻ ላይ መጥቶ «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ነበር ሲያነበን የኖረው?» አለ።

አንቺ ነሻ! ስድስት ሰው እርስ በርስ ስናጨበጭብ ከመካከላችን አንዲት ሴት ብቻ ታነብ ነበር። እሷም ሄደች።

አሁን እያነበቡሽ ነው። ሰበብ እንዲሆነን አይደለም የምነግርሽ፤ ማወቅ ስላለብሽ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ ያነብልሻል። የሙሽራውን ታሪክ እያነበበ ሌላ ሰው ሲገባ አቋርጦ ቢነሳ፣ ጢሙ በግማሽ የተላጨው ደንበኛ «ጨርስልኝ እንጂ!» አለው። «ቁጭ በል፣ ምላጩን ላምጣ» ቢለው «ጢሙን ማን ጠየቀህ፣ ታሪኩን!» ብሎ ጮኸበት።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ማተሚያ ቤታችን ያለውን የጥገና ደረሰኝ ፈልጌ የድርጅትሽን አድራሻ አገኘሁ። ዛሬ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። መጋዘኑ በር ላይ አንድ ጠና ያሉ ፎርማን ሽቦ ሲጠቀልሉ አገኘሁ። አንቺን ፈልጌ መምጣቴን ስነግራቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምኗ ነህ?»

«ጓደኛዋ።»

«ጓደኛዋ ከሆንክ ቁጥሯ የለህም እንዴ?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ሊንኩን፣ ሳቁን፣ ሰባተኛ ፎቅን። መጠቅለሉን ትተው ሰሙኝ። ስጨርስ «እናትየውን ስንቀብር እኔም ነበርኩ» አሉ። ሌላ ከተማ ረጅም ሕንፃ ላይ እየሠራሽ እንደሆነ፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ዕቃ ጭነው ወደዚያ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ቁጥርሽን ስለምናቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁጥሯን አልሰጥህም። ስልክ ብሰጥህ ደውለህ ታለቃቅሳለህ። የምትለው ካለህ ጻፈው፤ እሷ ማንበብ ታውቅበታለች።»

እናም የጽሕፈት ጠረጴዛቸውን ለቀቁልኝ። የምጽፈው በእሳቸው እስክሪብቶ ነው። ውጭ ወንዶቹ ብረት ሲጭኑ ይሰማኛል። ብረቱ ኳ ባለ ቁጥር ቀና እያልኩ ሰዓቱን አያለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል። ብዙ ልል ያሰብኩት ጠፋብኝ።

ተመለሽ አልልሽም። ጻፊ ብዬም አልጫንሽም፤ ሁለት ዓመት ጽፈሽልን አላነበብንም፣ አሁን ምን አፍ አለኝ? የማደርገውን ብቻ ልንገርሽ። ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው ያላነበብኩትን የማንንም ሊንክ አላጋራም። «ሰባተኛ ፎቅ»ን እንደ ወጉ ላጋራው ሦስት መስመር ጽፌ አስቀምጫለሁ። የእናትሽ ነገር ስለሆነ ግን አንቺ ሳትፈቅጂ አላወጣውም። ከፈቀድሽም እምቢ ካልሽም ለፎርማኑ ንገሪያቸው፤ አርብ ከዚያ ሲመለሱ መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ። ዝም ካልሽ እንደ እምቢታ ነው የምቆጥረው። አትቸገሪ።

ጭነው ጨረሱ መሰለኝ፤ ሞተሩ ተነሳ። ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ እንኳ መልሼ አላነበብኩትም፤ ስሕተት አይጠፋበትም።

እስካሁን ያላልኩሽን አንድ ነገር ልበልና ልስጣቸው። በዚያ ሰኞ ልልሽ የሚገባኝ እሱ ብቻ ነበር። እናትሽን ነፍሳቸውን ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።

አራሚው