ፊቱ የእኔ፣ ድምፁ የሷ

ጥቅምት 8

እንደማንኛውም ቀን። ልብስ አጠብኩ፣ ሰገነት ላይ አሰጣሁ። ከሰፈሬ ከሹብራ በትራም ወደ አታባ ገበያ ወርጄ የሞሎኪያ ቅጠልና ሩዝ ገዛሁ። ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አፍጥጣ አየችኝ።

«ይቅርታ... ኢስመት ሩሽዲ አይደለሽም? የፊልሟ?»

«ነኝ» አልኳት።

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «አይ፣ አይደለሽም። የሷ ድምፅ እንደ ማር ነበር። መልክሽ ግን ቁርጥ እሷን!» ብላ ሳቀች።

ወረድኩ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት።

ዘጠኝ ፊልም። አስራ አንድ ዓመት። በዘጠኙም ውስጥ አንዲት ቃል የእኔ አይደለችም!

ጥቅምት 9

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ፊልሜ የታየ ቀን እናቴን ይዤ ሄድኩ። መብራት ጠፋ። ፊቴ ሸራውን ሞላው። አፌ ተከፈተ... የወጣው የሌላ ሴት ድምፅ። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ የተማረ ድምፅ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ሆኜ ነው ያጨበጨብኩት?

በማግስቱ የስቱዲዮው ባለቤት ሙራድ ቤይ ቢሮው አስጠራኝ። «ፊትሽን አላህ ሰጠሽ» አለኝ ሲጋራውን እየለኮሰ። «ድምፅሽን ግን ያደግሽበት የማሃላ ጥጥ ተሸካሚዎች ናቸው የሰጡሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ፊት አትናገሪም። ጉሮሮዋን ያማታል እንላለን።» ውሉ ውስጥም አስገባው። ፈረምኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር።

የሴትየዋን ስም ማንም አልነገረኝም። እኔስ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። እጠላት ነበር፤ ለመጥላት ደግሞ ስም አያስፈልግም።

ጥቅምት 20

ከቴሌቪዥን ሰው መጣ። ሙኒር ይባላል፣ አዘጋጅ ነው። ወጣት፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ። «እመቤት ኢስመት፣ እናቴ እርስዎን እያየች ነው ያረጀችው» አለኝ። ምስጋና መሆኑ ነው!

የሐሙስ ምሽት ፕሮግራም አላቸው፣ ቀጥታ የሚተላለፍ። ሰፍወት የሚሉት ሰውዬ እንግዳ እየጋበዘ ያጫውታል።

«የእኔ ሥራ ምንድን ነው?»

ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። ቶሎ ብሎ ፈገግ አለ። «እርስዎ... አጠገቡ ይቀመጣሉ። ለእንግዳው አበባ ይሰጣሉ። ይስቃሉ። መናገር እንኳን አያስፈልግም።»

እንደገና። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና! «ውጣ ከቤቴ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሺ» አልኩት።

መታየት ናፍቆኝ ነው። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። አፈርኩ።

ኅዳር 7

አበባ ሰጠሁ። ሳቅሁ። ሰፍወት ወደ ካሜራው ዞሮ «ወንዶች ቅኑ! አጠገቤ የማትናገር ሴት ተቀምጣለች» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለዛ አይደል የሚከፍሉኝ?

ቤት ገብቼ ፊቴን እስኪቀላ ፈተግሁት።

ኅዳር 21

ተናገርኩ።

እንግዳዋ ኡም ሻዝሊ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። አምስት ልጅ በልብስ አጠባ ያስተማረች፣ አንዱ ዘንድሮ ሐኪም የሆነላት። ሰፍወት መሳቂያ ሊያደርጋት ፈለገ። አፏን በከፈተች ቁጥር ያቋርጣታል። «እጅሽን እስቲ ለካሜራው አሳዪ! ይኼ እጅ ነው ወይስ የአዞ ቆዳ?» አላት። ሴትየዋ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። «ተዋት! ታውራ!»

ካሜራ የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። ሰፍወት ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ኡም ሻዝሊ ግን ዞር ብላ «አይ የኔ እህት፣ ምን ላውራልሽ...» ብላ ጀመረችው። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ ራሷ እጇን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ስወጣ ሙኒር ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ምን ያለ ድምፅ ነው ይኼ? ጨረስሽኝ እኮ!» አንቱታው የት ሄደ?

ታኅሣሥ 3

ደብዳቤ በካርቶን። አንዱ «ሴት ናት ወንድ?» ይላል። ሌላው «እንደ አክስቴ ነው የምታወራው፣ ያቺን ሴትዮ መልሷት»። የሚበዛው እንደ ሁለተኛው ነው። ሰፍወትን ወደ ስፖርት አዛወሩት። ሐሙስን ለእኔ ሰጡኝ።

ሙኒር እንደገና «እርስዎ» ይለኛል።

ታኅሣሥ 13

ሙራድ ቤይ ደወለ። ከታች ያለው ፋርማሲ ስልክ ድረስ አስጠራኝ። የቤይ ማዕረግ ከተሻረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ እሱ አሁንም «ሙራድ ቤይ ነኝ» ነው የሚለው።

የፖስታ ቤት ሹም ልጅ ሆኜ የሠራሁትን ፊልም ለቴሌቪዥን ሸጦታል። በጥር ሊያሳዩት ነው።

«ሰው ሁለት ድምፅ ሊሰማ ነው» አለኝ። «ሐሙስ ዕለት፣ ድሮ ድምፄ እንደዛ ነበር፣ ከዚያ ታመምኩና ተበላሸ በይ። አለቀ።»

«ታምሜ አላውቅም።»

«ውልሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የጣቢያው አለቃ ደግሞ ወዳጄ ነው። አንቺን የፈጠርኩሽ እኔ ነኝ፣ ኢስመት!»

ዘጋሁበት። ፋርማሲስቱ ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጥ ነበር። እሱም ላይ ጮኽኩ፤ ምን አደረገኝ?

ታኅሣሥ 17

አም ጋበርን ፈልጌ አገኘሁት፣ ድሮ ድምፅ ይቀርጽልን የነበረው ሽማግሌ። ድምፅ ያዋሰችኝ ሴትዮ ማናት አልኩት። አንገራገረ። ከዚያ «ወዲዳ ጊርጊስ። ፈጋላ ሰፈር ነው ቤቷ፣ ልብስ ትሰፋለች» አለኝ።

ሃያ ደቂቃ መንገድ! ይኼን ሁሉ ዓመት የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነበረች።

ታኅሣሥ 18

ሄድኩ። ከደረጃው ስወጣ የምሰድባትን ስድብ እየመረጥኩ ነበር። በሩ ተከፈተ። ወፍራም ሴትዮ፣ መነጽር ያደረገች፣ ጥርሷ መሃል መርፌ። መርፌውን አወጣችና «እንግዲህ መጣሽ» አለች።

በዚያ ድምፅ! በእኔ... ምን ልበለው? ወንበር ሰጠችኝ።

«አንድም ቀን አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ዘጠኙንም ፊልም ከፍዬ ገብቼ አይቻለሁ። ኋላ ወንበር ላይ። ሰው ለአንቺ ያጨበጭባል፣ እኔ የትራም ሳንቲሜን እየቆጠርኩ እወጣለሁ። እንዴት እንደጠላሁሽ!»

«እኔም አንቺን።»

«ይገባኛል» አለች፣ ልብስ እንደምትለካ ሴት በረጋ ድምፅ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ፕሮግራሜ ላይ ነይ፣ አብረን እንቀመጥ፣ አንቺ ስትናገሪ ሰው ይሰማል፣ ሙራድ ያልቅለታል አልኳት። መነጽሯን አወለቀች።

«አንድ ጊዜ ድምፄን ለፊትሽ ወሰዱት። አሁን ደግሞ አንቺ ለንዴትሽ ልትወስጂው ነው?»

ተነስቼ ወጣሁ። በሩን በኃይል ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 20

ሁለት ቀን ስሰድባት ዋልኩ፣ በሐሳቤ። ምን ይጎድልብሽ ነበር? ማን ነኝ ብለሽ ነው እኔን እምቢ ያልሽው? ምስጋና የለሽ!

ከዚያ የማን አነጋገር እንደሆነ ገባኝ። «አንቺን የፈጠርኩሽ...» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ታኅሣሥ 24

ተመልሼ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

«ስሜን» አለች። «ሙሉ ስሜን ከነአባቴ። እኔን ግን ካሜራ ፊት አታስቀምጪኝ።»

ጥር 17

ፊልሙ ዛሬ ታየ። ከመጀመሩ በፊት የማስተዋውቀው እኔ ነበርኩ። ሙኒር ንግግሩን ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሕመም፣ ጉሮሮ፣ ምናምን። ወረቀቱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አሁን በምታዩት ፊልም ላይ ፊቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ድምፁ የወዲዳ ጊርጊስ ነው። በዘጠኙም ፊልሞቼ የተናገረችው እሷ ናት። ስሟን ያልጻፈው የስቱዲዮው ባለቤት ሙራድ ነው። እኔም ዝም ብዬ አጨበጨብኩ። ጉሮሮዬን ታምሜ አላውቅም።»

ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ሙኒር እጁን እያወናጨፈ ነበር። ፊልሙን አስጀመሩት። እስኪያልቅ ቆሜ አየሁት። እንዴት አሳምራ ትናገር እንደነበር! ስጠላት ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ጥር 18

ከሥራ ታገድኩ። ሙኒር፦ «አብደሻል? ሰውዬው ጠበቃ ልኳል!» እንደገና አንቺ።

ጥር 22

ወዲዳ ሹብራ ድረስ መጣች፣ ደረጃው አድክሟት እያለከለከች። ደንበኞቿ ቀሚስ ሊለኩ ይመጡና ፊልሙ ላይ የተናገርሽውን በይልን ይሏታል። «መርፌ አፌ ውስጥ ነው እላቸዋለሁ» አለችኝ።

ከሬዲዮ ድራማም ጠርተዋታል። «በስልሳ ዓመቴ? ልሂድ?»

«ሂጂ፣ ስምሽን ግን አስጽፊ።»

«መጀመሪያ የነገርኳቸው እሱን ነው» አለች። ከዚያ አየችኝ። «ለእኔ ብለሽ ከሥራ ወጣሽ ብዬ ይቅርታ አልጠይቅሽም። አሁንም ትንሽ ተቀይሜሻለሁ።»

«እኔም» አልኳት። ሞሎኪያ በላን።

ጥር 27

ዛሬ ጠሩኝ። የጣቢያው አለቃ ተቀምጧል፣ ሙኒር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተመታ ወረቀት፦ «ክቡር ሙራድ፣ በድካም ተገፋፍቼ ላደረስኩብዎ በደል...» ከፈረምኩ ሐሙስ እመለሳለሁ።

ብዕሩን አነሳሁት። አዎ፣ አነሳሁት። ያንን የስቱዲዮውን መብራት ሙቀት ፊቴ ላይ እፈልገዋለሁ፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ?

መልሼ አስቀመጥኩት።

«አልፈርምም። የምለው ካለኝ በአፌ እላለሁ።»

አልጮኽኩም። ግን በወዲያኛው ክፍል የጸሐፊዋ ታይፕ ቆመ።

«ሐሙስን ታዲያ ማን ያቀርበዋል?» አለ አለቃው ወደ ሙኒር ዞሮ።

ሙኒር ጫማውን አየ። «ጌታዬ... ደብዳቤው ሁሉ የሚመጣው ለሳቸው ነው።»

አለቃው ወረቀቱን አጠፈው። «ይሂዱ። እናስብበታለን።»

ያስቡበት። ሐሙስ አመሻሹ ላይ የጣቢያው በር ላይ ነኝ። ካስገቡኝ ገብቼ እናገራለሁ። ካላስገቡኝ በሩ ላይ ቆሜ እናገራለሁ፤ ይኼ ድምፅ ማይክሮፎን አያስፈልገውም።