የተቆለፈው ማስጠንቀቂያ

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሙሐመድዘይን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከከሚሴ ተነሥቶ ሻርጃ እስኪደርስ የማይደክመው ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ፣ ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅህ ሳልህስ? አብረውህ የሚኖሩት በድሩና አቡበከር ደኅና ናቸው? እጆችህስ? ወንድምዓለም፣ እጆችህ እንዴት ናቸው? በሰላምታ መሐል ስለ እጅ የሚጠይቅ ሰው አይተህ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ለምን እንደጠየቅኩህ ወረድ ብዬ እጽፍልሃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ፍርሃት ከገባኝ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው።

በዚህ ዘመን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መቀመጤ ሳይገርምህ አይቀርም። ኢሜይል አራት ጊዜ ልኬልሃለሁ። ሁለቱን አንተ እንዳስተማርከኝ ያለ መክፈቻ ቃል እንዳይነበብ ቆልፌ፣ ሁለቱን ደግሞ ተናድጄ እንዲሁ ክፍቱን። መልስ የለም። ስልክህም አይጠራም፤ አንዲት ሴት በዐረብኛ የሆነ ነገር ትለኝና ይቋረጣል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ለሙሀመድኑር እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ ወደ ዱባይ ይሄዳል። ከዚያም ሻርጃ ድረስ ሄዶ ለአንተው እንዲያስረክብ አስምዬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እዚያው አንተ ጋ የምትሠራው ሙና ለእረፍት ስትመጣ የሰጠሃትን፣ የቪዲዮ ሥራዬን የሚያፋጥነውን ግራፊክስ ካርድና ሁለቱን ገመዶች በታኅሣሥ መጨረሻ በሰላም አስረከበችኝ። ካርዱን ሳየው ደነገጥኩ፤ የራሱ ማራገቢያ ያለው፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሌላውን ሁሉ የሚገፋ ጎረምሳ ነው። ገመዶቹ ደግሞ የአንተው ሥራ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው አሮጌው ፓወር ሰፕላያችን እንዲህ ላለ ካርድ የሚሆን መሰኪያ ስለሌለው፣ ከሌላው መስመር ኃይል ሰብስበው እንዲያቀብሉ መሐላቸው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በይደህ የፈለሰፍካቸው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ባቲ ፎቶ ቤት ለከፈተው ለአክስታችን ልጅ ለኢሳ። ስለ እነዚህ ገመዶች የምትጽፍልኝን ሁሉ ቆልፈህ ነበር የምትልከው። አሠሪዬ ካየው የእኔ ነው ይለኛል፣ ሌላ ሰው ካየው ይሰርቀኛል፣ በስሜ እስካስመዘግበው ድረስ ማንም እንዳያውቅ አልክ። እኔም ኮራሁብህ። ማንም አይወቅ ያልከውን ለእማ ብቻ ሹክ አልኳት፤ እሷ ለማን ሹክ እንዳለች አልጠየቅኳትም።

ገመዱን ሰክቼ ካርዱ ሲነሣ እልል ነው ያልኩት። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ለመጨረስ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውል የነበረው ኮምፒውተር ከዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ባለው ጊዜ ጨርሶ ቁጭ አለ። ደንበኛ እንደ ጉድ መጣ። ይሁንና ካርዱ አልስማማ ስላለኝ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጭኜው ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ባለፈው ረመዳን መጥተህ ሳለ የኢሜይሉን ቁልፍ የሠራህልኝ አንተ ነህ፣ የመክፈቻ ቃሉን የጻፍከውም አንተ፣ ኮምፒውተሩ ቃሉን ይዞ እኔን እንዳይጠይቀኝ ያደረግከውም አንተ። ለእኔ የነገርከኝ በአፍህ ብቻ ነው። ጥጃችን ጭቃ ውስጥ የሰጠመችበት መስክ ስም ነው፣ መቼም አትረሺውም አልክ። እውነትህን ነው፤ ጨፌ ጉዳን፣ ያን ትልቁን ረግረግ እንዴት እረሳለሁ?

አርብ ጥር ስድስት ኢንተርኔት ቤት ስገባ ኢሜይልህ ጠብቆኛል። አንድ ቀን ቀድሞ የተላከ ነው። ርእሱ ብቻ ይነበባል፤ አሁኑኑ አንብቢው ይላል። ከሥር ያለው እንደ ወትሮው የተቆለፈ፣ የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ነው። በፍላሽ ገልብጬ ሩጫ ወደ ቤት፣ ደጃችን ላይ ወዳለው ሱቄ። ቁልፉን ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተሩ መልሼው ስለነበር ሐሳብም አልገባኝም። ኮምፒውተሩ ግን ሁሉን እንደ አዲስ ጀምሯልና ቃሉን ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ስሕተት አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፣ አያይዤ ጻፍኩ፣ ነጣጥዬ ጻፍኩ። ስሕተት፣ ስሕተት። ቅዳሜም እሑድም እንደዚያው። መስኩ ተሳስቶብኝ ይሆን ብዬ የማውቀውን መስክ ሁሉ፣ የጥጃዋንም ስም ሳይቀር ጻፍኩለት። በዚያ መሐል የሠርጉን ሥራ አላቆምኩም፤ ገመዱም ከነካርዱ ሥራው ላይ ነበር።

እስኪ ደግሞ በእኔ ሳቅ። ምናልባት ወረቀት ላይ ሳየው ይገለጥልኝ ይሆናል ብዬ ዝብርቅርቁን በፕሪንተር አወጣሁት። እማ አየችው። ወረቀቱን ዘቅዝቃ፣ አቅንታ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «ያ ረቢ! ማል ተኤ? ምን ሆነሽ ነው? ይሄን ሲሕር፣ ይሄን ድግምት ማን ላይ ነው ያስደረግሽው?» አለችኝ። ከሙሐመድዘይን የመጣ ደብዳቤ ነው ብላት ባሰባት፤ ልጄ ላይ ነው የተደረገው ብላ አዑዙ ቢላህ እያለች ወረቀቱን እሳት ውስጥ ከተተችው። ሳቄ መጣ። ማታውኑ ግን ተመልሼ ቃሉን ስሞክር አመሸሁ።

ሰኞ ጥር ዘጠኝ የድሮ ፎቶዎች ስፈልግ የአንተ አንዱ ወጣ። ረግረጉ ዳር ቆመህ፣ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የቦታውን ስም ጽፈህበታል። ሳየው በቁሜ ውሃ ሆንኩ። እኔ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተማርኩ ሰው ጨን በአንዲት ሲ ነው የምጽፋት፤ አንተ በአማርኛ የተማርከው ሲና ኤች ደርበህ ጽፈሃል። እኔ የጉዳን መጨረሻ በሁለት ኤ እስባለሁ፤ የአንተው በአንድ አልቋል። ለካ አንድ እናት የወለደችን፣ አንድ መስክ ላይ ያደግን ሰዎች ያንኑ ስም ለየብቻችን ነው የምንጽፈው። በአንተ አጻጻፍ ጻፍኩት። ተከፈተ።

አራት መስመር ነበር። ገመዱን አሁኑኑ ንቀዪው። የእኔው ነዷል። ለኢሳ ንገሪው። እኔ ምንም አልሆንኩም።

ወንድምዓለም፣ ይህን ያነበብኩት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ የደንበኛዬን የረቢአን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ እየሠራ ነበር፤ ማራገቢያው ይጮሃል። እማ ዙሁርን ሰግዳ ከጠረጴዛው ሥር ከኮምፒውተሩ ሳጥን አጠገብ ምንጣፏ ላይ ጋደም ብላለች። ለካ ሽታው ከጠዋት ጀምሮ ነበረ፤ እኔ የጎረቤት ፌስታል የተቃጠለ መስሎኝ መስኮት ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ዋናውን መሰኪያ ከግድግዳው እንዴት እንደነቀልኩት አላውቅም። ሳጥኑን ስከፍተው ያ ሰሌዳህ ያለበት ቦታ ጠቁሯል፤ የገመዱ ልባስ እንደ ማስቲካ ተለጠጠና ጣቴ ላይ ቀረ። እማ ነቅታ ምን ሸተተ አለችኝ። ምንም አልኳት። ወለሉ ላይ፣ እሷ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ኢሳ። ስልኩ አይነሣም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከቆላውም ከደጋውም ሰው ይጎርፋል፣ ፎቶ ቤቱም የሚሞላው የዚያን ቀን ነው። ኮምፒውተሩን ከሥራ የማያሳርፍበት ቀን! ሱቁን ሳልቆልፍ ወጥቼ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በሌላ ሚኒባስ ባቲ። መንገዱን በሙሉ ጭስ ስፈልግ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጭስ አይቼ ጮህኩ፤ ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ናቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባቲ ስደርስ ፎቶ ለመነሣት የተሰለፈውን ሰው ገፍቼ ስገባ ኢሳ ካሜራውን ጣለና «ማን ሞተ?» አለ። በእጄ ወደ ኮምፒውተሩ እጠቁማለሁ። ገመዱ ከነመጠቅለያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የኮምፒውተሩን ሳጥን የሚከፍትበት የብሎን መፍቻ የሚያውሰው ሰው ስላጣ ገና አልነካውም። አንድ ቀን እንኳ በስንፍናው ተመርቆ የማያውቀውን ሰው የዚያን ቀን መረቅኩት።

በአንተ አዝኛለሁ፤ ሳልነግርህ አላልፍም። የፈለሰፍከውን ቆልፈህ ያዝ፣ ግድ የለም። እሳትን ግን ምን ብለህ ትቆልፋለህ? ርእሱ ላይ ገመዱን ንቀዪው ብትል ኖሮ ኢንተርኔት ቤት ሆኜ ባነበብኩት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እናታችንን እሳት አጠገብ አስተኝቼ ፊደል ስቆጥር ከረምኩ። ሐሳብህን ሌባ እንዳይወስደው ስትሳሳ እኛን ረሳኸን። ይኸው ተናገርኩ፤ አውፍ በለኝ።

ንዴቱ ግን በአንድ ቀን ወጣልኝ። ያልለቀቀኝ ሌላው ነው። የእኛ ተርፎ የኢሳም ተርፎ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ካርዱንና ገመዱን አውጥቼ ያቺን አራት መስመር ደግሜ አነበብኳት። አንተ እኮ እኔን በአንድ ፊደል የምትገሥጸኝ ሰው ነህ። በአራቱ መስመር ውስጥ አሥራ አንድ ስሕተት ቆጠርኩ። ፊደል የተዘለለ፣ ሁለት ጊዜ የተመታ፣ ቃል ከቃል የተጣበቀ። በአንድ ጣት፣ ያውም ባልለመደው እጅ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ደግሞ እኔ ምንም አልሆንኩም ትላለህ። ማን ጠየቀህ? ያልተጠየቀ ሰው ምንም አልሆንኩም የሚለው መቼ ነው? የነደደው ገመድ ሲነድ ማን ይዞት ነበር? ያ ለአምስት የምትተኙበት ክፍል መውጫው አንድ በር ብቻ እንደሆነ አንተው ነግረኸኛል። ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፅህ የለም።

እማ ስለ እሳቱ አታውቅም። ለምን አይደውልም ስትለኝ የዚያ አገር ኔትወርክ ተበላሽቷል አልኳት። አመነችኝ። ትናንት ግን የሙሀመድኑር ሚስት ደጃችን ቆማ ሻርጃ ካለ ወንድሟ ጋር በስልክ ስትሳሳቅ እማ ሰማች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። ሶላቷን ጨርሳ ፊቴን ታያለች፤ እኔም ሥራ ያለኝ መስዬ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከእሷ ዓይን ርቄ ሱቅ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን ከዚያን ቀን ወዲህ ለቪዲዮ ሥራ አልከፈትኩትም። የረቢአ ልጅ ሠርጓን ሳታይ ልትወልድ ነው ብለው ሰዎች ይቀልዱብኛል።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚሁ ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ፣ በገዛ እጅህ ስምህን ጻፍልኝና ለሙሀመድኑር ስጠው። ሌላ ወሬ አያስፈልገኝም። የእጅ ጽሑፍህን አውቀዋለሁ፤ ደኅና ከሆንክ ሳየው ይገባኛል።

እማ ግንባርህን ስማ ዱዓ ታደርግልሃለች። ኢሳ ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል፤ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ገመድ ለእኔ መልሶልኛል። ረቢአ ሠርጉን ብታስቀርባትም ሰላም በዪልኝ ብላለች። ሙና በመጋቢት ትመለሳለች፤ ምን ላምጣለት ትላለች። ለበድሩና ለአቡበከር ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አሁን የምጽፈው ለወንድሜ አይደለም። ይህን ወረቀት ይዘህ የምታነብለት ሰው ከሆንክ፣ በድሩም ሁን አቡበከር ወይም የማላውቅህ የሆስፒታል ሰው፣ እኔ እህቱ ዓፊያ ነኝ። ደኅና ነው ብለህ ጻፍላት ይልሃል፤ አውቀዋለሁ። አትስማው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ያለበትን ሁኔታ እንዳለ ጻፍልኝ።

እህትህ ዓፊያ
ከሚሴ፣ ጥር 19 ቀን 2003 ዓ.ም.