ከአንድ እስከ ሦስት

ሳኪዩሳ፣

ፊትህ ቆሜ መናገር ስላቃተኝ ጻፍኩልህ። በጠዋቱ ጀልባ ወደ እናቴ ደሴት ሄጃለሁ። የተቀቀለው ካሳቫ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ሳይበላሽ ብላው።

የነፍስ አድኑን ዳታቤዝ ዛሬውኑ አስተካክል፤ ጀልባዎች ባሕር ላይ ናቸው። የእያንዳንዱ ጀልባ ዝርዝር መጀመሪያ የሦስት ዓሣ አጥማጆችን ስም፣ ቀጥሎ የቤተሰባቸውን ስልክ ይዟል። አንተ ስሞቹን ቆርጠህ ለማውጣት፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ላይ እንደለመድከው፣ ከዜሮ እስከ ሁለት ብለህ ጻፍክ። ይሄኛው ዳታቤዝ ግን የሚቆጥረው ከአንድ ነው። ዜሮ ላይ ምንም የለም። ስህተት ነው ሳይል ሁለት ስም ብቻ ሰጠህ። አንዱ ጀልባ ሲሰጥም ፈላጊዎቹ በዝርዝሩ ያገኟቸውን የሁለቱን ሰዎች አስከሬን አግኝተው፣ ጨርሰናል ብለው ተመለሱ።

ሦስተኛው የኛው ኢኖኬ ነበር።

ስሙን ስመዘግብ አጠገቤ ቆሞ፣ «አንተ ማናሳ፣ ታላቅህን መጨረሻ ታደርጋለህ? አብረን እየኖርን?» ብሎ ሳቀብኝ። አፈርኩ። ስሙን ግን አላስቀደምኩትም።

ከአንድ እስከ ሦስት በለው።

የኢኖኬ ነጠላ ጫማ አሁንም ደጃፋችን ላይ ነው። ማታ ማታ ወደ ውጭ አዙሬው እተኛ ነበር፤ ጠዋት ወደ ቤት ዞሮ አገኘዋለሁ። የምታዞረው አንተ ከሆንክ፣ እባክህ ተው። ካልሆንክም አትንገረኝ።

ማናሳ